ሄገበይንቱም፦ ሰው የከመራት፣ ሰው የቆረጣት የፍሪስላንድ መንደር

በሰሜን ኔዘርላንድስ፣ በፍሪስላንድ ክፍለ ሀገር፣ ከዋና ከተማዋ ከሌዋርደን ወደ ሰሜን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ሄገበይንቱም የምትባል መቶ ነዋሪ የማይሞላት መንደር ትገኛለች። አካባቢው ዓይን እስኪደክም ሜዳ ነው፤ የእህልና የድንች ማሳ፣ የላም ግጦሽ፣ ቀጥ ያሉ የውኃ ቦዮች፣ በስተሰሜን ደግሞ የባሕሩ ግድብ። በዚህ ሜዳ መካከል የመንደሯ ቤተ ክርስቲያን ከአምስተርዳም የውኃ ልክ 8.80 ሜትር ከፍ ያለ ጉብታ ላይ ቆማለች። የአምስተርዳም የውኃ ልክ የሚባለው በኔዘርላንድስ ማንኛውም ከፍታ የሚለካበት ዜሮ ሲሆን ከባሕሩ አማካይ ከፍታ ጋር ይቀራረባል።

ጉብታው የተፈጥሮ አይደለም። ሰዎች ከሺህ ዓመት በላይ የሣር ጓል፣ ፍግና ጭቃ እየደራረቡ ከፍ ያደረጉት ነው። ስሙ ቴርፕ ይባላል። በፍሪስላንድና በጎረቤቷ በግሮኒንገን ወደ 1,200 የሚጠጉ ቴርፖች ነበሩ። በኔዘርላንድስ ካሉት ሁሉ ከፍተኛው ይህ የሄገበይንቱሙ ነው።

ቦታውን መጀመሪያ የሚያይ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይስታል። ጎኖቹ ገደል ስለሚመስሉ የድሮ ምሽግ ወይም ሆን ተብሎ እንዲህ ቀጥ ተደርጎ የተሠራ ኮረብታ ይመስለዋል። ቴርፕ ግን ሲሠራ ሰፊና ለስላሳ ነበር፤ በሜዳ ላይ እንደተደፋ ሰፌድ መሐሉ ቀስ ብሎ ከፍ የሚል፣ ዳሩ ከማሳው ጋር የሚቀላቀል። በሄገበይንቱም ዛሬ የሚታየው ቀጥ ያለ ጎን ከመቶ ዓመት ትንሽ በፊት በአካፋ የተቆረጠ ነው። የጉብታው አብዛኛው ክፍል ተቆፍሮ፣ በጀልባ ተጭኖ፣ ለሌላ አገር ማሳ ማዳበሪያ ሆኖ ተሸጧል። ስለዚህ ይህችን መንደር ለመረዳት ጉብታው ለምን እንደተከመረ፣ ለምን እንደተቆረጠና ቤተ ክርስቲያኗ የቆመችበት ክፍል ለምን እንደተረፈ ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባሕር የሚመላለስበት መሬት

የፍሪስላንድ ሰሜናዊ ዳርቻ የሚዋሰነው በዋደን ባሕር ነው። ይህ ባሕር ጥልቀት የለውም። በቀን ሁለት ጊዜ ሞልቶ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፤ ሲሸሽ ለኪሎ ሜትሮች የሚዘረጋ ጭቃና አሸዋ ያሳያል። ውኃው በመጣ ቁጥር ደቃቅ ደለል ይዞ ይመጣል፤ በተረጋጋ ቦታ ደለሉ ይቀመጣል። ጭቃው ትንሽ ከፍ ሲል ጨው የሚችሉ ተክሎች ይበቅሉበታል። ተክሎቹ የውኃውን ፍጥነት ስለሚቀንሱት ተጨማሪ ደለል ይያዛል፤ መሬቱም ከተለመደው የባሕር ሙላት በላይ እስኪሆን ድረስ ራሱን በራሱ ከፍ ያደርጋል። ከዚያ በኋላ ባሕሩ የሚሸፍነው በማዕበል ጊዜ ብቻ ነው፤ ይኸውም በአብዛኛው በመኸርና በክረምት።

እንዲህ ያለው ጨዋማ መስክ ለከብት አርቢ ትልቅ ሀብት ነው። ሣሩ የጠነከረ፣ አፈሩ በየዓመቱ በባሕሩ ደለል የሚታደስ ነው። ጉድለቱም ያንኑ ያህል ግልጽ ነው። ዛፍ የለም፤ ስለዚህ የግንባታ እንጨትና ማገዶ ብርቅ ነው። ድንጋይ የለም። የሚጠጣ ውኃ ከሰማይ የሚወርደው ብቻ ነው። ማዕበል ሲነሣ ደግሞ መሸሻ የለም።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ600 ዓመት ገደማ ከደቡብ ካሉት አሸዋማ ከፍተኛ ቦታዎች የመጡ ሰዎች በዚህ መስክ ላይ መስፈር ጀመሩ። የመረጡት ባሕሩ ራሱ በዳርቻው የሠራቸውን ረጃጅም ዝቅተኛ ጀርባዎች ነው፤ ከዙሪያቸው ጥቂት አሥር ሴንቲ ሜትሮች ብቻ ይበልጣሉ። የዛሬውን ካርታ ያየ ሰው በሰሜን ፍሪስላንድ የድሮ መንደሮች ከባሕሩ ጋር ትይዩ በረድፍ እንደተደረደሩ ያስተውላል። ረድፉ የጥንቱ የባሕር ዳርቻ የት እንደነበረ ይነግራል፤ ሄገበይንቱምም ከነዚህ ረድፎች በአንዱ ላይ ናት።

ጉብታው እንዴት ተከመረ

ሥራው የተጀመረው በአንድ ቤት ልክ ነው። አንድ ቤተሰብ ከመስኩ ላይ ጓል ከነሣሩና ከነሥሩ እየቆረጠ፣ እንደ ጡብ እየደረደረ፣ አንድ ሜትር ገደማ የሚሆን መደብ ያነሣል፤ ቤቱን በዚያ ላይ ይሠራል። ጓሉ የተመረጠው በምክንያት ነው። የሣሩ ሥር ጭቃውን አጥብቆ ስለሚይዘው ማዕበል ሲመታው አይፈርስም፤ ልቅ ጭቃ ግን በአንድ ሌሊት ታጥቦ ይሄዳል። የሥራውን ክብደት በቁጥር ማየት ይቻላል፦ 20 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መደብ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ፣ የጎኑን ተዳፋት ሳንቆጥር፣ 600 ሜትር ኩብ ሙሌት ያስፈልጋል። ይህ ሁሉ በእንጨት አካፋና በሰው ትከሻ ነው።

ከመደቡ በኋላ ዋናው ሙሌት ፍግ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ጥያቄ አለ፤ ገበሬ እንዴት ፍጉን ማሳው ላይ ሳይበትን ይጥላል? መልሱ ባሕሩ ነው። የጨዋማው መስክ ማሳ በየማዕበሉ አዲስ ደለል ስለሚያገኝ ፍግ አያስፈልገውም ነበር። ስለዚህ ከበረት የሚወጣው ፍግ አንድም ደርቆ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ አንድም በቤቱ ዙሪያ ይከመራል። በፍጉ ክምር ላይ ጭቃና ጓል ይለበጥበታል፤ ፍግ ብቻውን ከሆነ ይንሳፈፋል፣ ይንሸራተታል፣ ሲበሰብስም ይሰምጣል። ቤቱ ሲያረጅ ይፈርስና ፍርስራሹ ይደለደላል፤ አዲሱ ቤት በላዩ ይቆማል። ልጆች ጎጆ ሲወጡ አጠገቡ ሌላ መደብ ይነሣል፤ በመደቦቹ መካከል ያለው ጉድጓድ በአመድ፣ በአጥንት፣ በተሰበረ ሸክላና በፍግ ይሞላል። በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ የተነጣጠሉት መደቦች አንድ ትልቅ ጉብታ ይሆናሉ።

ቤቶቹ ረጃጅም ነበሩ። ሰው በአንደኛው ጫፍ፣ ከብት በሌላው፤ ጣሪያውን በሁለት ረድፍ የቆሙ የውስጥ ምሰሶዎች ይሸከሙታል። ግድግዳው ከቅርንጫፍ ተገምዶ በጭቃና በእበት የተመረገ፣ አንዳንዴም ከጓል የተገነባ ነው። ይህን በዝርዝር ልናውቅ የቻልነው በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር በምትገኘው የኤዚንገ መንደር ከ1923 እስከ 1934 በአርኪዮሎጂ ባለሙያው በአልበርት ኤገስ ቫን ጊፈን መሪነት በተደረገው ቁፋሮ ነው። እዚያ እርጥብ ፍግና ጭቃ አየር እንዳይገባ አፍነው ስለያዙት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት የተገመዱ ግድግዳዎች እስከ ወገብ ድረስ ቆመው ተገኙ።

የሚጠጣው ውኃ ከኩሬ ነበር። በጉብታው ላይ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ ግርጌው በሸክላ ጭቃ ተለብጦ፣ የዝናብ ውኃ ይጠራቀምበታል። የመንደሩ ደካማ ቦታ ይህ ኩሬ ነው። ማዕበል ጉብታውን ሳያፈርስ ጠርዙን አልፎ ወደ ኩሬው ቢገባ ቤቱ ይተርፋል፤ ከብቱ ግን የሚጠጣው ያጣል። ኩሬው ከጨው ነጽቶ እንደገና በዝናብ እስኪሞላ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ኩሬው ከጉብታው ከፍ ወዳለው ቦታ ተጠግቶ ይቆፈር ወይም ዙሪያው በጭቃ ይታጠር ነበር።

እርሻውም ነበር። ከጉብታው በታች፣ የማዕበሉ ወቅት ካለፈ በኋላ በጸደይ ተዘርቶ በበጋ የሚታጨድ ገብስ፣ ተልባ፣ ባቄላና ካሜሊና የሚባል የዘይት ተክል ይበቅል ነበር። እነዚህ ትንሽ ጨው ይችላሉ። በበጋ ያልተጠበቀ ማዕበል ከመጣ ግን የዓመቱ ሰብል ይጠፋል፤ የሕዝቡ ዋና መተማመኛ ከብትና በግ የሆነው ለዚህ ነው።

በአንደኛው መቶ ዓመት ይህን የባሕር ዳርቻ ያየው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ በጉብታ ላይ ስለሚኖሩ ጎረቤት ሕዝቦች ሲጽፍ ድሆችና ምስኪኖች አድርጎ ሥሏቸዋል። ከብት እንኳ የላቸውም ብሏል። የቴርፕ ቁፋሮዎች ግን ይህን አይደግፉም፤ በየጉብታው የሚወጣው የላምና የበግ አጥንት ብዛት፣ የበረቶቹ ስፋትና ከሮማውያን ጋር በንግድ የተገኘው ዕቃ ሌላ ሕይወት ያሳያል። የማዕበል ቀን ያየ እንግዳ ዓመቱን ሁሉ እንደዚያ አድርጎ መገመቱ አይገርምም።

ስለ ከፍታው አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። በዙሪያው ያለው ማሳ ከአምስተርዳም ልክ አንድ ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ በሰው እጅ የተከመረው ወደ ስምንት ሜትር የሚጠጋ ነው። ይህን በአንድ ሺህ አምስት መቶ ዓመት ብናካፍለው በዓመት አምስት ሚሊ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ነገር ግን ክምሩ እኩል አልሄደም፤ አንዳንዴ በአንድ ትውልድ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ምንም። በአራተኛው መቶ ዓመትማ የፍሪስላንድ ዳርቻ በአብዛኛው ሰው አልነበረበትም፤ በአምስተኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ፣ ከአንግሎችና ከሳክሶኖች አገር፣ አዳዲስ ሰዎች መጥተው ባዶዎቹን ጉብታዎች ያዙ። በተጨማሪም 8.80 ሜትር ማለት ባሕሩ ይህን ያህል ወጥቷል ማለት አይደለም። ከማዕበል ለመዳን ከዚህ በጣም ያነሰ ይበቃ ነበር። ቀሪው የኑሮ ዝቃጭ ነው፤ ፍግ፣ አመድ፣ የፈረሰ ቤት፣ በኋላም የመቃብር አፈር።

ግድቡ ሲመጣ

ከ1000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ፍሪስላንዶች ማሳቸውን በዝቅተኛ የአፈር ግድብ ማጠር ጀመሩ። መጀመሪያ የበጋን ማዕበል ብቻ የሚከላከል ትንሽ ክብ ነበር። ቀስ በቀስ ክቦቹ ተያያዙና በ13ኛው መቶ ዓመት ገደማ ዳርቻውን ተከትሎ የሚሄድ ቀጣይ የባሕር ግድብ ሆኑ። ገዳማት በዚህ ሥራ ድርሻ ነበራቸው፤ ከሄገበይንቱም ብዙም በማይርቀው በሃሉም አጠገብ በ1163 የተመሠረተው ማሪየንጋርደ ከታወቁት አንዱ ነው። ይሁን እንጂ ሥራውን ሁሉ ለመነኮሳት መስጠት ልክ አይመስለንም፤ ግድቡን የጀመሩትና በየዓመቱ የጠገኑት ገበሬዎቹ ናቸው። በምዕራብ በኩል የነበረው ሚደልዜ የተባለ ሰፊ የባሕር ክንድ ቀስ እያለ በደለል ተሞላ፤ አፉ ላይ የነበረው ቢልት የተባለው መሬት በ1505 ተገድቦ ማሳ ሆነ።

ግድቡ ከተሠራ በኋላ ጉብታ መከመር አላስፈለገም። ግን ሌላ ችግር መጣ። ከግድቡ ውስጥ ያለው መሬት ደለል ስለማያገኝ ከፍ ማለቱን ያቆማል፤ ሲደርቅም ይሰምጣል፤ ከግድቡ ውጭ ያለው መስክ ደግሞ መጨመሩን ይቀጥላል። ግድቡ ሲጣስ ውኃው ዝቅ ወዳለው መሬት ይገባና መውጫ አጥቶ ይቆያል። በ1717 የገና ሌሊት የሆነው ይህ ነው፤ በሰሜን ጠረፍ ግድቦቹ ተጥሰው ከኔዘርላንድስ እስከ ዴንማርክ ድንበር በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞቱ። በዚያ ጊዜ የድሮው ቴርፕ እንደገና መሸሸጊያ ሆነ።

ቴርፕ ያለ ግድብ እንዴት እንደሚሠራ ዛሬም ማየት የሚፈልግ በሰሜን ጀርመን የባሕር ዳርቻ ያሉትን ሃሊገን የሚባሉ ትንንሽ ደሴቶች ይመልከት። ነዋሪዎቹ አሁንም በጉብታ ላይ ይኖራሉ፤ በክረምት በዓመት ብዙ ጊዜ መስኩ በሙሉ በባሕር ተሸፍኖ ጉብታዎቹ ብቻ ይቀራሉ። ከ1962ቱ ታላቅ ማዕበል በኋላ በቤቶቹ ውስጥ በኮንክሪት ምሰሶ የቆመ መሸሸጊያ ክፍል መሥራት ተለመደ፤ ግድግዳው ቢወሰድ እንኳ ምሰሶው ሰዎቹን ይዞ እንዲቆም ነው።

ቤተ ክርስቲያኗ

ክርስትና ወደ ፍሪስላንድ የገባው በትግል ነው። ሰባኪው ቦኒፋስ ከሄገበይንቱም በስተምሥራቅ፣ በዶኩም አጠገብ፣ ሰኔ 5 ቀን 754 ከባልደረቦቹ ጋር ተገደለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት መቶ ዓመታት በየቴርፑ ላይ ትንንሽ የእንጨት ቤተ ክርስቲያኖች ተሠሩ። ሄገበይንቱም ላይ አሁን የምትታየው በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራችው ናት።

የመጀመሪያው ግንቧ ቱፍ ነው። ቱፍ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተፈጠረ ቀላልና ለስላሳ ድንጋይ ሲሆን የሚገኘው በጀርመን በአይፈል ተራሮች ነው። ከአንደርናህ አካባቢ በራይን ወንዝ ወርዶ፣ በኡትሬክትና በዴቨንተር ገበያዎች በኩል፣ በጀልባ እስከ ፍሪስላንድ ዳርቻ ይመጣ ነበር። ድንጋይ በሌለበት አገር፣ ከብት አርቢዎች በመቶዎች ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኝ ተራራ ድንጋይ አስመጥተው መሥራታቸው ስለ ሀብታቸው ብዙ ይናገራል። ቱፍ በመጋዝ ይቆረጣል፣ ቀላል ስለሆነም ለስላሳ በሆነ ጉብታ ላይ ብዙ አይከብድም። ድክመቱ ውኃ መምጠጡ ነው፤ የጠጣው ውኃ በክረምት ሲቀዘቅዝ ይሰፋና ፊቱን ያረግፈዋል።

ከ1200 ገደማ በኋላ ፍሪስላንዶች ከራሳቸው ጭቃ ጡብ መተኮስ ተማሩ። የዚያን ዘመን ጡብ በመጠኑ ይታወቃል፤ ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ስፋቱ 15፣ ውፍረቱ 8 ወይም 9 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዛሬው ጡብ በእጅጉ ይበልጣል። በአንድ የድሮ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ከታች ግራጫማ ቱፍ፣ ከላይ ትልልቅ ጡብ ካየህ ግንቡ በኋላ ዘመን ከፍ መደረጉን ታውቃለህ። ትንንሽ ጡብ ያለበት ቦታ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኋለኛ ጥገና ነው። ብዙ የቱፍ ቤተ ክርስቲያኖች ዛሬ የሌሉበት ምክንያትም አለው፦ ቱፍ ተፈጭቶ ከኖራ ጋር ሲቀላቀል ውኃ ውስጥ የሚጠነክር ማጣበቂያ ይሆናል፤ ስለዚህ በኋለኞቹ ዘመናት የድሮው ድንጋይ ለወፍጮ ይሸጥ ነበር። በሄገበይንቱም ቱፉ መትረፉ ደስ ያሰኛል።

በምዕራብ በኩል ያለው የደወል ግንብ ጫፉ የሾለ አይደለም፤ እንደ ተራ ቤት ሁለት ተዳፋት ባለው ጣሪያ ይዘጋል። ይህ ዓይነቱ ግንብ በፍሪስላንድና በግሮኒንገን ገጠር በብዛት ይታያል። ለመሥራት ቀላል ነው፤ ክፍት በሆነ ሜዳ ላይ ከሾለ ጣሪያ ይልቅ ነፋስን ይቋቋማል።

የሐዘን ሰሌዳዎቹ

በ1580 ፍሪስላንድ የፕሮቴስታንት እምነትን ተቀበለች፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ምስሎችና መሠዊያዎች ወጡ። ነጭ የተቀባው ባዶ ግድግዳ ብዙም ሳይቆይ በሌላ ነገር ተያዘ፤ በመኳንንቱ። በሄገበይንቱም አጠገብ ሃርስታ ስታተ የሚባል የመሳፍንት ቤት አለ፤ ጌቶቹ የተቀበሩት በዚህች ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ ጌታ ሲሞት በጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ጠርዙ በእንጨት ቅርጽ ያጌጠ ሰሌዳ ይሠራለታል፤ በመካከሉ የቤተሰቡ አርማ፣ በግራና በቀኝ የአያት የቅድመ አያቶቹ አርማዎች፣ ከታች ስሙና የሞተበት ቀን። ሰሌዳው በቀብሩ ሰልፍ ላይ ይያዛል፤ ከዚያ በቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ክንፍ ያለው የአሸዋ ሰዓት፣ የራስ ቅልና ወደ ታች የተዘቀዘቀ ችቦ በቅርጹ ውስጥ የተለመዱ ናቸው።

ሰሌዳውን ማንበብ ቀላል ነው። የአባት ወገን አርማዎች በሰሌዳው አንድ ጎን፣ የእናት ወገን በሌላው ይደረደራሉ። ለተመልካች ግራ የሆነው የአባት ወገን ነው፤ ምክንያቱም ግራና ቀኝ የሚቆጠረው አርማውን ጋሻ አድርጎ ከያዘው ሰው በኩል ነው። በአንድ ጎን አራት ወይም ስምንት አርማ ከተደረደረ ሟቹ በሁለቱም ወገን እስከዚያ ትውልድ ድረስ የመኳንንት ዘር ነኝ ማለቱ ነው።

ሄገበይንቱም እንዲህ ያሉ 16 ሰሌዳዎች አሏት፤ ከ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 20ኛው መጀመሪያ ድረስ ያሉ ናቸው። ለአንዲት ትንሽ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይህ ብዙ ነው፤ ይበልጥ የሚደንቀው ደግሞ መትረፋቸው ነው። በ1795 በኔዘርላንድስ በተካሄደው አብዮት ሥልጣን የያዘው መንግሥት የመኳንንት አርማ ከሕዝብ ቦታ ሁሉ እንዲጠፋ አዘዘ። በመላ ፍሪስላንድ ሰሌዳዎች ተሰባበሩ፣ በመቃብር ድንጋዮች ላይ ያሉ አርማዎችም በመሮ ተጠረቡ። ዛሬ በብዙ የፍሪስላንድ ቤተ ክርስቲያኖች ወለል ላይ አርማው ተቦርቡሮ ጽሑፉ ብቻ የቀረ የመቃብር ድንጋይ የሚታየው ለዚህ ነው።

ቆፋሪዎቹ

በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ላይ የቴርፕ አፈር ዋጋ ያለው ነገር መሆኑ ታወቀ። ለምን እንደሆነ ከአሠራሩ መገመት ይቻላል፤ የብዙ መቶ ዓመታት ፍግና አጥንት ፎስፌት፣ የባሕሩ ደለልና ዛጎል ደግሞ ካልሲየም ሰጥተውታል። በደቡብና በምሥራቅ ያሉት አሸዋማና ከበሰበሰ ዕፅዋት የተፈጠሩ መሬቶች እነዚህን ሁለቱን ያጣሉ። የፋብሪካ ማዳበሪያ ገና ባልተስፋፋበት ጊዜ የቴርፕ አፈር የተበተነበት ድሃ ማሳ ምርቱ ይጨምር ነበር።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መጀመሪያ እስከ ጉብታው እግር ድረስ ለጀልባ የሚበቃ ቦይ ይቆፈራል። ከዚያ ሠራተኞቹ ከዳር ጀምረው ጉብታውን ቀጥ ባለ ፊት ይቆርጡታል፤ አፈሩን በትንሽ ሐዲድ ላይ በሚሄዱ ጋሪዎች ወደ ጀልባው ያወርዱታል። ጀልባው አፈሩን በቦዮች መረብ ወደ ገዢው ያደርሳል። ቁፋሮው የሚቆመው ቤት፣ መንገድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ጋ ሲደርስ ነው። ከሞላ ጎደል በሁሉም የተቆረጡ ቴርፖች ላይ የተረፈው የቤተ ክርስቲያኑና የመቃብሩ መሬት የሆነው ለዚህ ነው፤ ማንም የአባቱን አጥንት ለማዳበሪያ አይሸጥም። በሄገበይንቱም ቁፋሮው የተካሄደው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ሲሆን ቤተ ክርስቲያኗን በገደል አፋፍ ላይ ትቷት ሄደ።

የጠፋው ብዙ ነው። በአንድ ቴርፕ ውስጥ የሺህ ዓመት ኑሮ በተርታ ተደራርቦ ነበር፤ አካፋው ተርታውን ሳይመዘግብ ቀላቀለው። ቅርጽ ያለው ሸክላ፣ የአጥንት ማበጠሪያ ወይም የነሐስ ጌጥ ያገኘ ሠራተኛ ለሰብሳቢ ወይም ለሙዚየም ይሸጠው ነበር፤ ከየትኛው ጥልቀት እንደወጣ ግን የሚነግር የለም። በሄገበይንቱም ነገሩ ትንሽ የተሻለ ሆነ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የፍሪስላንድ ሙዚየም ባለሙያ ፒተር ቡለስ ከቆፋሪዎቹ ጎን ሆኖ ሲከታተል ከክርስትና በፊት የነበረ የመካከለኛው ዘመን መጀመሪያ መቃብር ተገለጠ፤ የተቃጠሉና አመዳቸው በሸክላ የተቀበረ፣ ሳይቃጠሉ የተቀበሩም ነበሩበት። በሌሎች ቦታዎች የደረሰው ጥፋት በ1916 የቴርፕ ጥናት ማኅበር እንዲመሠረት አንድ ምክንያት ሆነ፤ የቫን ጊፈን የኤዚንገ ቁፋሮ የተወለደውም ከዚህ እንቅስቃሴ ነው። ፍትሐዊ ለመሆን፣ ንግዱ ባይኖር ኖሮ በሌዋርደን ሙዚየም ካለው የቴርፕ ቅርስ ብዙው እስካሁን መሬት ውስጥ ይሆን ነበር። እኛ ግን መሬት ውስጥ መቆየቱን እንመርጥ ነበር።

ገደሉ የሚያመጣው ጣጣ

ቴርፕ ከተቆረጠ በኋላ ችግሩ አያበቃም። አንደኛ፣ ለስላሳው ተዳፋት ስለጠፋ የመሐሉን አፈር ከጎን የሚደግፈው የለም፤ አፈሩ ቀስ እያለ ወደ ውጭ ይገፋል። ሁለተኛ፣ አዲስ በተገለጠው ፊት አየር ይገባል። ፍጉ ሳይበሰብስ የቆየው አየር ስላላገኘ ነበር፤ አየር ሲያገኝ ይበሰብሳል፣ መጠኑ ይቀንሳል፣ በላዩ ያለውም ይሰምጣል። ለማሳው ሲባል በዙሪያው የከርሰ ምድር ውኃ ዝቅ ሲደረግ ይህ ይፋጠናል። የመካከለኛው ዘመን ግንበኞች መሠረት ጥልቅ አልነበረም፤ በግድግዳው እግር ሥርም ለመቶ ዓመታት መቃብር ሲቆፈር ኖሯል። ከሁሉ በፊት የሚሰነጠቀው ግንቡና የቤተ ክርስቲያኑ አካል የሚገናኙበት መስመር ነው፤ ግንቡ ስለሚከብድ ከቀሪው ይልቅ ይሰምጣል።

ስለዚህ በተቆረጠ ቴርፕ ላይ የሚደረገው ጥንቃቄ ቀላል ግን የማያቋርጥ ነው። ተዳፋቱ ሁልጊዜ በሣር ይሸፈናል፤ የሚሰማራበትም በግ እንጂ ላም አይደለም፤ የላም ሰኮና እርጥብ ተዳፋትን ይቦጫጭቃል። የጣሪያው ውኃ በአሸንዳ ተይዞ ከጉብታው ራቅ ብሎ ይወርዳል። የስንጥቁ ስፋት በየጊዜው ይለካል፤ የቆየና የማይሰፋ ስንጥቅ እንዲሁ ይተዋል፤ በየዓመቱ የሚሰፋ ከሆነ ግን ከመሠረቱ ይጀመራል። ስንጥቁን በሲሚንቶ መድፈን የተለመደ ስሕተት ነው። ሲሚንቶ ከቱፍና ከድሮው ኖራ ይልቅ ደረቅ ስለሆነ ግድግዳው ሲንቀሳቀስ አብሮ አይንቀሳቀስም፤ ውኃውንም በውስጥ ያፍነዋል፤ በክረምት ድንጋዩ ይረግፋል። የሚገባው ለስላሳ ኖራ ነው። በፍሪስላንድ ይህን ዓይነት ሥራ የሚሠራ በ1970 የተቋቋመ የድሮ ቤተ ክርስቲያኖች ማኅበር አለ፤ ከ50 በላይ ሕንጻዎችን ተረክቦ ይጠብቃል።

ለመሄድ ለሚያስብ

በጉብታው እግር ሥር የጎብኚዎች ማዕከል አለ፤ ወደ ቤተ ክርስቲያኗ ውስጥ መግባት የሚፈልግ ከዚያ ይጀምር። ከመውጣትህ በፊት ግን ጉብታውን ከታች በእግር ዙረው፤ የተቆረጠውን ጎንና ሳይነካ የቀረውን ለስላሳ ጎን ማወዳደር የሚቻለው ከታች ነው። ከላይ ወደ ሰሜን ግድቡ፣ ከሱ ወዲያ ጨዋማው መስክ ይታያል፤ ያ መስክ ቴርፑ ከመከመሩ በፊት የነበረውን መሬት ይመስላል። የዋደን ባሕር የኔዘርላንድስና የጀርመን ክፍል በ2009 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ የዴንማርኩ በ2014 ተጨምሯል።

መሬት ላይ የሸክላ ስባሪ ብታይ አትውሰደው። በ2016 ሥራ ላይ በዋለው የኔዘርላንድስ የቅርስ ሕግ መሠረት በብረት መፈለጊያ መሣሪያ እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት መፈለግ በመሬቱ ባለቤት ፈቃድ ይቻላል፣ የተገኘውንም ማሳወቅ ግዴታ ነው። በቅርስነት በተከለለ ቦታ ግን ይህ ፈቃድ አይሠራም።

የቴርፖቹ ዕቃ በብዛት የሚገኘው በሌዋርደን በፍሪስላንድ ሙዚየም ነው። እዚያ ከቬይናልዱም ቴርፕ የወጣው በወርቅና ጋርኔት በሚባል ቀይ የከበረ ድንጋይ የተሠራ የ7ኛው መቶ ዓመት ትልቅ የልብስ ማያያዣ ይታያል፤ ቁርጥራጮቹ በተለያዩ ዓመታት ከማሳ ተለቅመው የተገጣጠሙ ናቸው። የኤዚንገን ቤቶች ለመረዳት ደግሞ በዚያው በኤዚንገ መንደር ያለው ትንሽ ሙዚየም ይሻላል፤ ከሄገበይንቱም በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ስለሚርቅ ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል።